ከፈለጉ ይምጡ

ፈዲላ ኑርዬ ያንን መልእክት ለስንተኛ ጊዜ እንዳነበበችው እሷም አታውቅም። ሐይቅ ከተማ ከተዘጋች ሠላሳ ቀን ሆኗታል። መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ ወፍጮ ቤቱ ናፍጣ አጥቶ ቆሟል። ወደ ደሴም ሆነ ወደ ውጫሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ ከታጣቂ በቀር ውልብ የሚል የለም። ስልኳ የቀራት አንድ ጥቅም ነው፤ ጣሪያው ላይ ከተቀመጠችው የሶላር ሰሌዳ ጥቂት ሞልታ ያቺን መልእክት ትከፍትበታለች።

«ከፈለጉ ይምጡ፤ ካልፈለጉም ይቅሩ። እኔ እስከ ነገ ቀትር ደሴ ነኝ።»

ይኸው ነው። «ፈዲዬ» የለበት፣ «ነይ» የለበት። ሁለት ዓመት «አንቺ» ሲላት የኖረ ሰው፣ ከተማዋ ልትዘጋ አንድ ቀን ሲቀራት፣ መንገድ ላይ እንዳገኛት ባዳ «እርስዎ» አላት። ባነበበችው ቁጥር እንደ አዲስ ፊቷ ይግላል። ማንም አያያትም፤ ግን ታፍራለች።

የምትኖረው ከአባቷ ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። የሱቁ የብረት መዝጊያ ተከርችሟል። የጨርቅ ጥቅሎቹ ከዝርፊያ የተረፉት ወደ ውስጥ ገብተው እስከ ኮርኒሱ ተከምረዋል፤ መስኮቱንም ሸፍነውታል። ቀኑ መንጋቱን የምታውቀው በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ በምትገባ ክር በምታህል ብርሃን ነው። ሐይቁ ከቤታቸው ብዙም አይርቅም፤ ድሮ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሽታው ይመጣ ነበር። አሁን የሚሸታት የተከማቸ አቡጀዴና የራሷ ትንፋሽ ብቻ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ እዚያ ስልክ ላይ ምን ታያለሽ? ዓይንሽ እኮ ይጠፋል» ይሏታል አባቷ።

«ፎቶ ነው አብዬ።»

አባቷ አቶ ኑርዬ ሰባ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ከሱቃቸውና ከልጃቸው ሌላ ዓለም የሌላቸው ነጋዴ ናቸው። ሰው ሁሉ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ሲሸሽ «ጉልበቴ አይችልም፤ ደግሞስ የት ነው የምሄደው?» ብለው እምቢ አሉ። ፈዲላም «አንቱን ትቼ የት እሄዳለሁ?» ብላ ቀረች። ያን ዕለት አባቷ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ ያለችውን ቂጣ ሲቆርሱ ትልቁን ለእሷ ያደርጋሉ። ከስግደት ሲነሱ እጃቸውን እንደዘረጉ «ያ ረቢ፣ ለእኔ ብላ የቀረች ልጄን ጠብቅልኝ» ይላሉ። እሷም በሰማችው ቁጥር ከንፈሯን ትነክሳለች። ለእሳቸው ብላ እንዳልቀረች የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

በዕውቀቱን ያወቀችው በጽሑፍ ነው፤ ያውም በጠብ። ለውጡ የመጣ ሰሞን፣ ሁሉም ነገር የተከፈተ የመሰለበት ጊዜ ነበር። ደሴ ላይ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ጥቂት ወጣቶች ስለ ቪዲዮ ጌሞች በአማርኛ የሚጻፍበት ድረ ገጽ አቋቋሙ። ጌሞቹ ውስጥ ያሉትን ገጸ ባሕርያት ታሪክ ማንም ሰው እየጻፈ ያስገባል፤ አርታኢው ያርማል። ፈዲላ በአባቷ ሱቅ ደንበኛ ሲጠፋ ባንኮኒው ሥር ስልኳን ይዛ የምትጫወት ልጅ ነበረች፤ «አርዲቦ» በሚል የብዕር ስም መጻፍ ጀመረች። አርታኢው በዕውቀቱ ነበር፤ የአምባሰሉ የመሪጌታ ተክለ ማርያም ልጅ፣ አዲስ አበባ የኮምፒውተር ሥራ የያዘ።

«ወንድሜ አርዲቦ» ብሎ ጻፈላት መጀመሪያ። «'ወንዙን ትሻገራለህ፣ ከሽፍታው ታመልጣለህ' እያልክ ትጽፋለህ። አንባቢውን 'አንተ' አትበለው። 'ተጫዋቹ ወንዙን ይሻገራል' በል። ደግሞ ተጫዋቹና ገጸ ባሕሪው አንድ አይደሉም። ስክሪኑ ላይ የሚሞተው ገጸ ባሕሪው ነው፤ ተጫዋቹ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሏል። 'እኔ ሞትኩ' ብሎ ነገር የለም።»

አረመችው። ደግማ ስትልክ እንደገና መለሰላት። በሦስተኛው ጊዜ ብልጭ አለባት።

«'ተጫዋቹ፣ ተጫዋቹ' ትላለህ። ተጫዋች ሁልጊዜ ወንድ ነው ያለህ ማነው? እኔ ተጫዋች ነኝ፤ ሴት ነኝ!»

ሁለት ሳምንት ጠፋ። ከዚያ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አላወቅሁም ነበር» የሚል መልእክት መጣ። «እርስዎ አትበለኝ፤ አያትህ አይደለሁም» ብላ መለሰችለት፤ ሱቁ ውስጥ ብቻዋን ስትስቅ አባቷ «ምን ሆንሽ?» አሏት።

የተጣበቁት ግን በሚስጥር ምክንያት ነው። ሚስጥር በአንድ የጨው ነጋዴዎች ጌም ውስጥ ያለ፣ ፊቱን በሻሽ የጠመጠመ ግመል ነጂ ነው፤ ወይም የጠመጠመች። አይናገርም፣ ፊቱን አይገልጥም፣ የጌሙ ሠሪዎችም ወንድ ይሁን ሴት አልተናገሩም። በአማርኛ ደግሞ «መጣ» ወይም «መጣች» ሳይሉ ማለፍ አይቻልም። እሱ «መጣ» ብሎ ያርማል፤ እሷ «መጣች» ብላ ትመልሳለች። በመጨረሻ «ለምን 'መጡ' አንለውም?» አለችው። «አንቱ ሲባል ወንድም ሴትም አይታወቅም።»

«ብልህ ነሽ» ብሎ ጻፈላት። «ግን ያሳዝናል። አንድን ሰው ላለማወቅ ብለን ልናከብረው ነው።»

በዚያ ዓረፍተ ነገር ወደደችው። እንደ ሰው ዓይኑን አይታ፣ ቁመናውን አይታ አልነበረም። በ2013 ዓመተ ምሕረት ለጥምቀት ወደ አባቱ ሲመጣ ሐይቁ ዳር ተገናኙ፤ ቀጠን ያለ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ልጅ ነበር። «አንቺ» አላት በቃል ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወዲያው ደግሞ ያበዛ መስሎት ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። ያቺ «አንቺ» ስንት ጊዜ ጆሮዋ ላይ እንደተደገመች!

አባቷ ግን ሰሙ። ሐይቅ ትንሽ ከተማ ናት። አልጮኹባትም። «መሪጌታን አውቃቸዋለሁ» አሉ ክር እየጠቀለሉ። «ዘመድ ሲድሩ ድንኳን እተክላለሁ፤ ለቅሷቸው ላይ እቀመጣለሁ፤ እሳቸውም እንዲሁ። ጋብቻ ግን ሌላ ነው። እሳቸውም ከእኔ የተለየ አይሉሽም። ዳግመኛ እንዳልሰማ።» ዳግመኛም አልሰሙም። ፈዲላ ፍቅሯን እንደ ኮንትሮባንድ ዕቃ ከጨርቆቹ ሥር አስገብታ ኖረች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ በወሬ፣ ቀጥሎ ከወልዲያ በኩል በሚመጡ ስደተኞች፣ በመጨረሻም በድምፁ። በጥቅምት አጋማሽ በዕውቀቱ መኪና ለምኖ ከአዲስ አበባ ደሴ ገባ። «መኪና ይዤ ደሴ ነኝ። መንገዱ ገና አልተዘጋም» ብሎ ላከ።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ተኳርፈው ነበር። «ለአባትህ መቼ ነው የምትነግራቸው?» ብላ ጠይቃው «ጊዜው አይደለም» ብሏት ነበር። እሷም በንዴት «ለአባትህ ሳትነግር ማን ነኝ ብዬ ነው መኪናህ ውስጥ የምገባው?» ብላ ጻፈች። ይህኛው ሄደ። ወዲያው ተጸጸተች፤ ሌላ ጻፈች፤ «አብዬ አልወጣም ብለዋል። እሳቸውስ እንዴት ይሁኑ?» ይህኛው አልሄደም። ከጎኑ ያለችው ምልክት እየተሽከረከረች ቀረች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የእሱ መልስ መጣ፦ «ከፈለጉ ይምጡ፤ ካልፈለጉም ይቅሩ።» ኔትወርኩም ጠፋ።

ማን ነኝ ብዬ ልምጣ ብላ ለጠየቀችው ጥያቄ የተሰጣት መልስ ይህ ነበር። ከፈለጉ ይምጡ። ሻንጣዋን ቁልፍልፍ አድርጋ ከበሩ አጠገብ አስቀምጣው ነበር። ፈታችው። ልብሷን አንድ በአንድ አውጥታ ወደ ቦታው መለሰች። ከዚያ ወደ አባቷ ሄዳ «አንቱን ትቼ የት እሄዳለሁ?» አለች።

በሠላሳ አንደኛው ቀን፣ ከረፋዱ ላይ፣ በሩ ተንኳኳ። አባትና ልጅ ተያዩ። ታጣቂዎቹ የሚያንኳኩት በሰደፍ ነው፤ ይኼ መዳፍ ነበር። አባቷ «ማነው?» አሉ።

«ጤና ይስጥልኝ አያ ኑርዬ። መነኩሲት ነኝ። ለቀሚስ የሚሆን ቢጫ አቡጀዴ ብትሰጡኝ ብዬ ነው።»

የገቡት አጭር፣ ፊታቸው እንደ ደረቀ ኮክ የተጨማደደ፣ በትር የያዙ መነኩሲት ነበሩ። «ቦጋለች እባላለሁ። ከአምባሰል ነው የመጣሁት፤ ሐይቁ ዳር ወዳለው የሴቶች ገዳም» አሉ። አባቷ «በዚህ ጊዜ? በእግርዎ?» ብለው ተደንቀው ቢጫውን ጥቅል ፍለጋ ወደ ጓዳ ገቡ። እማሆይ ቦጋለች ያን ጊዜ ፈዲላን ትክ ብለው አዩዋት።

«ፈዲላ የምትባዪው አንቺ ነሽ?»

«አዎ እማሆይ።»

መነኩሲቷ ቆባቸውን ከፍ አድርገው ከውስጡ በትንሹ የታጠፈ ወረቀት መዘዙ። «የመሪጌታ ተክለ ማርያም እህት ነኝ። የላከልሽን ልጅ ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ቶሎ አንብቢው።»

ጥቅሎቹ ላይ ቁጭ ብላ ከፈተችው፤ የምታውቀው ጽሕፈት ነው፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ። ደብዳቤ ግን አይመስልም። ስም የለውም፣ ሰላምታ የለውም። ኬላ ላይ ቢያዝ ከማን ለማን እንደሆነ እንዳይታወቅ፣ ለድረ ገጹ እንደሚጽፈው አድርጎ ነበር የጻፈው።

«ሚስጥር፣ ገጸ ባሕሪ። የመጨረሻው ምዕራፍ። ተጫዋቹ ከደቡብ ተነስቶ ተራራ ላይ ወዳለችው ከተማ ይገባል። እዚያ ሆኖ ሚስጥርን ይጠብቃል። ሚስጥር 'ማን ነኝ ብዬ ልምጣ?' ትለዋለች። ተጫዋቹ መልሱን ሊጽፍ ሲል ሌላ ጥያቄ ትጨምርለታለች፤ ስለ አባቷ። ለዚህኛው ቶሎ ይመልሳል፦ ከፈለጉ ይምጡ፤ ካልፈለጉም ይቅሩ። ሽማግሌ ሰው አይገደድምና። ስለ እሷ ስለ ራሷ ምንም አይልም። እንደምትመጣ ለአፍታም አይጠራጠርምና።»

ፈዲላ እዚህ ላይ ቆመች። ፊደሎቹ ተጋጩባት። ደግማ አነበበችው። ያልሄደ የመሰላት መልእክት ሄዷል። «ይምጡ» ያለው አባቷን ነው። እሷን አይደለም፤ እሷን «እርስዎ» አላላትም፤ ሠላሳ ቀን ሙሉ ያልተባለችውን ስትሰማ ነበር የኖረችው። አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች።

«እስከ ቀትር ይጠብቃል። ከቀትር በኋላም ይጠብቃል። መኪናውን ልጆች ለያዙ ሴቶች ይሰጥና በእግሩ ወደ ሰሜን ይነሳል። ሰው ሁሉ ወደ ደቡብ እየሸሸ ነው፤ እሱ ብቻውን ወደ ሰሜን። ከመንገድ ይመልሱታል። በገደሉ በኩል ዞሮ ለመግባት ሲሞክር ይወድቃል። ማሳሰቢያ፦ የወደቀው ተጫዋቹ ነው፤ ጸሐፊው ደህና ነው። ተጫዋቹ አባቱ ቤት ተኝቶ ሳለ ስለ ሚስጥር ሁሉንም ይነግራቸዋል። አባቱ ሦስት ቀን አያናግሩትም። በአራተኛው ቀን ስሟን ይጠይቁታል። ከዚህ በኋላ ያለውን ጸሐፊው አያውቅም። ሚስጥር ለምን እንዳልመጣች በጨዋታው ውስጥ አልተገለጸም። የሚያውቅ ሰው ካለ ይሙላበት።»

«ምኑን ነው የሰበረው?» አለች ፈዲላ፤ ድምጿ የእሷ አልመስል አላት።

«ደህና ነው ብሎ የለም እንዴ?» አሉ እማሆይ።

«እማሆይ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ።»

መነኩሲቷ አንዲት እስላም ልጅ በማርያም ስትይዛቸው ፊታቸው ረገበ። «ቁርጭምጭሚቱን። ከኩታበር በላይ ያለው ገደል ላይ። ሁለት ቀን እዚያው ተኝቶ ነው እረኞች ያገኙት። ይቆማል፤ ገና አይሄድም። ሕመሙ አይደለም የከፋበት፤ 'አልፈለገችኝም' እያለ ነው።»

ፈዲላ ለቅሶዋን መያዝ አልቻለችም። አባቷ ቢጫውን ጨርቅ እንደታቀፉ ከጓዳ ብቅ ያሉት ያኔ ነው።

አቶ ኑርዬ ልጃቸውን አዩ፤ ወረቀቱን አዩ፤ መነኩሲቷን አዩ። ጨርቁን አስቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ። ፈዲላ ወረቀቱን ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ከቀዳዳው በምትገባው ብርሃን ሥር ቆመው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እስከ መጨረሻው አነበቡ። ግራ የገባው ፊት ነበራቸው።

«ይኼ ምንድን ነው? የልጆች ጨዋታ ነው?»

አዎ ብትል ያምኗታል። ደብዳቤው የተጻፈው እንዲህ ለሚጠይቅ ሰው ነበር። አዎ አብዬ፣ ጌም ነው፤ እማሆይ ከመንገድ ያገኙት ነው። በዚያው ያልፋል፤ ነገም አባቷ ትልቁን ቂጣ ይቆርሱላታል፣ ከስግደት ሲነሱም ይመርቋታል። ያንን ምርቃት አንድ ቀን እንኳ መሸከም እንደማትችል ታወቃት።

«ተጫዋቹ የተባለው ማነው?» አሉ አባቷ ወረቀቱን በጣታቸው እየጠቆሙ።

«በዕውቀቱ ነው፤ የመሪጌታ ልጅ።»

«ይኼ ሚስጥር የሚለውስ?»

«እኔ ነኝ አብዬ።»

አባቷ መነጽራቸውን አወለቁ። ፈዲላ ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻለችም። «ደሴ መጥቶልኝ ነበር። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር። አንቱን ትቼ ልሄድ ነበር፤ ወላሂ ልሄድ ነበር። ያስቀሩኝ አንቱ አይደሉም። የላከልኝን ቃል ሳልረዳው አኩርፌ ነው የቀረሁት። ከዚያ በአንቱ አሳበብኩ።»

«ለእኔ ብለሽ አይደለም?»

«አይደለም።»

አቶ ኑርዬ ቀስ ብለው ጥቅሎቹ ላይ ተቀመጡ። ሲናገሩ ድምፃቸው ጎርናና ነበር።

«ሠላሳ ቀን፣ ፈዲላ። ሠላሳ ቀን አንዲት ጉርሻ በጉሮሮዬ ስትወርድ ልጄን በላኋት እል ነበር። እነዚያ ሰዎች ቤቱን ሊፈትሹ ሲገቡ አንቺ ከጓዳ ቆመሽ፣ እኔ በልቤ 'ይህን ያመጣሁባት እኔ ነኝ፣ ይህ የማይረባ ጉልበቴ ነው' እል ነበር። ስሰግድ እንኳ ፊቴን ወደ አላህ ማቅናት አፍሬ ነበር። አንቺ ይህን እያየሽ ዝም አልሽ?»

«ዝም አልኩ።»

«ያኔ እውነቱን ብትነግሪኝ እረግምሽ ነበር።»

«አውቃለሁ አብዬ።»

«ብትሄጂም እረግምሽ ነበር።» ዓይናቸውን በጣታቸው ጠራረጉ። «አሁን ግን ምን እንደምል አላውቅም። ተናድጄብሻለሁ። ደግሞ ድንጋይ ከላዬ የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። አንድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊሆን ይችላል እንዴ፣ እማሆይ?»

«እግዜር ነው የሚያውቀው አያ ኑርዬ» አሉ መነኩሲቷ። «እኔ ግን ፀሐይ ሳይጠልቅ ገዳም መግባት አለብኝ። ነገ ጠዋት ወደ አምባሰል እመለሳለሁ። መልስ ካለሽ አሁን ነው ልጄ።»

ፈዲላ እስክሪብቶ ፍለጋ ተነሳች። እማሆይ ቦጋለች በበትራቸው አቆሟት።

«ወረቀት አልይዝም። ስመጣ ዳዊቴን ቅጠል በቅጠል ገልጠው ነው ያዩት። ቆቤ የተረፈው አንዱ አፍሮ ነው፤ ሁለተኛ አያፍርም። በቃል ስጪኝ። መዝሙረ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ የያዝኩ ሴት ነኝ፤ ያንቺ አይጠፋኝም።»

ፈዲላ ከፊታቸው ቆመች። «ፈዲላ ደህና ናት በሉልኝ። እሷ...»

«እሷ ማን ናት?» አሉ መነኩሲቷ ኮስተር ብለው። «እሱም 'ተጫዋቹ፣ ተጫዋቹ' እያለ ጻፈልሽ፤ እሱስ ኬላ ፈርቶ ነው። አንቺ እዚህ ማንን ትፈሪያለሽ? ፊትሽ እንደቆመ አድርገሽ ንገሪው። እኔ አፍ ብቻ ነኝ።»

ማንን እንደምትፈራ ሦስቱም ያውቃሉ። አባቷ ፊት አንድን ወንድ «አንተ» ብላ ልትጠራ ነው። ወደ እሳቸው አየች። አቶ ኑርዬ ብድግ አሉ። ይወጣሉ ብላ ጠበቀች፤ ጓዳው ክፍት ነበር። አልወጡም። ጀርባቸውን ሰጥተው ያንን ቢጫ ጨርቅ ፈትተው እንደገና ማጠፍ ጀመሩ።

ፈዲላ ዓይኗን ጨፈነች።

«በዕውቀቱ፣ እኔ ነኝ፤ ፈዲላ። ሚስጥር ለምን እንዳልመጣች እኔ አውቃለሁ። 'ከፈለጉ' ያልከው እኔን መሰለኝ። በአንድ ቃል ከበር ያስወጣኸኝ መሰለኝ። መንገዱ ገና ክፍት ነበር፤ ተነስቼ ፊትህ ቆሜ 'ምን ማለትህ ነው?' ልልህ እችል ነበር። አልጠየቅሁህም። ኮራሁብህ። አንተ በእግርህ ወደ እኔ ስትመጣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ እረግምህ ነበር። ገደል ላይ ተኝተህ ሳለህ አንተን የምጠላበት ምክንያት እየቆጠርኩ ነበር። ይቅር በለኝ። አልፈለገችኝም አትበል። እወድሃለሁ። ይህንን በጽሑፍም በቃልም ነግሬህ አላውቅም፤ አሁን አባቴ እየሰሙኝ ነው የምነግርህ። እግርህ ሲድን፣ መንገዱም ሲከፈት፣ ና።»

እማሆይ ቦጋለች በትራቸው ላይ ተደግፈው ሲሰሙ ቆዩ። ከዚያ እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፈኑና ጀመሩ፤ ባረጀ፣ በተሰነጠቀ፣ የአምባሰል ዜማ ባለው ድምፅ፣ አንዲት ቃል ሳያጎድሉ። «በዕውቀቱ፣ እኔ ነኝ፤ ፈዲላ...» የፈዲላ ቃል ከመነኩሲቷ አፍ ሲወጣ ክፍሉን ሞላው። «ኮራሁብህ» አሉ። «ይቅር በለኝ» አሉ። «እወድሃለሁ» ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም፣ ፈገግም አላሉ፤ እንደ ጸሎት አሉት። የአባቷ እጆች ጨርቁ ላይ ቆሙ።

«ልክ ነው?» አሉ ሲጨርሱ።

«ልክ ነው» አለች ፈዲላ፤ ጉንጯ ርሶ ነበር።

መነኩሲቷ ጨርቃቸውን ሊቀበሉ ሲጠጉ አቶ ኑርዬ አልለቀቁትም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቢጫውን አቡጀዴ በሁለት ጫፉ እንደያዙ ቆሙ።

«እኔም ቃል አለኝ» አሉ አባቷ። «እንደ እሷው አድርገው ይንገሩልኝ። በዕውቀቱ፣ እኔ ኑርዬ ነኝ። 'ና' ያለችህ የእኔን ቤት ነው። በዋናው በር ና፤ በቀን ና። አባትህን ይዘህ ና። እሺ አላልኩህም። እሳቸውም እሺ እንደማይሉ አውቃለሁ። ግን ልጄ ስትናገር ዛሬ ሰምቻታለሁ፤ አንተንም እሰማሃለሁ።»

እማሆይ ቦጋለች ይህንንም ደገሙት፤ «እኔ ኑርዬ ነኝ» ብለው ሲጀምሩ አባቷ ሳያስቡት ፈገግ አሉ። ከዚያ መነኩሲቷ ጨርቁን አንግበው ወጡ። ፈዲላ በበሩ ስንጥቅ በዓይኗ ተከተለቻቸው፤ ባዶውን መንገድ ተሻግረው፣ ኬላው ጋ ቆመው፣ ለታጣቂው ጎንበስ ብለው፣ ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ሄዱ።

አባቷ መወርወሪያውን መልሰው ዘጉት። ክፍሉ እንደነበረው ጠበበ፣ ጨለመም። ከሩቅ፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሁለት ጊዜ ተሰማ። ፈዲላ አልደነገጠችም። ነገ ጠዋት አሮጊቷ ወደ አምባሰል ይወጣሉ፤ የእሷን ልብ በቃላቸው ይዘው፣ ገደል በገደል፣ ኬላ በኬላ። የሚደርሱበትን ቀን በጣቷ ልትቆጥር ጀመረች፣ አቆመች። ምን ይል ይሆን? ከሠላሳ ቀን ፍርሃት በኋላ ይኼኛው ፍርሃት ሌላ ነበር፤ እንዲለቃት የማትፈልገው።

አባቷ አጠገቧ ተቀምጠው ቂጣውን ቆረሱ። ሁለቱን ቁራሽ አስተያዩና በዚያ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቁን ለራሳቸው ያዙ። ፈዲላ ሳቋ አመለጣት።